ክንዱ ሲረዝም

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6
ጠዋት ውርጭ። ክንዱ የሚረዝመው ባለ ሹካ ማንሻ ማሽኔ አልነሳም ብሎ አስቸገረኝ። ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሳነሳ ዋልኩ። ግንበኛው ኦረስት ከመወጣጫው ላይ ሆኖ፣ "ዳርላ፣ ይቺን ክንድ ትንሽ ብታስረዝሚያት ሬጃይና ከተማ ያለችውን አማቴን አንስተሽ ሐይቅ ትጥይልኝ ነበር!" ወንድሙ ዳንሎ ከታች ሲሚንቶ እያቦካ በሳቅ ፈረሰ። ምሳ ላይ እናታቸው የሠሩትን ፒሮጊ፣ ድንች የተሞላ ቅቅል ሊጥ፣ አካፈሉኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
ፎርማናችን ሩዲ ዛሬም ሲጮህ ዋለ። ሥራው ዘግይቷል። አንዱን ግንበኛ ደረቱን ገፍትሮ አሸዋ ላይ ዘረረው። ዳንሎ ጥርሱን ነክሶ አየው... ይሄ ነገር ወዴት ሊሄድ ነው?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9
የሆነውን እንደሆነ ልጻፈው።

ነፋስ ነበር። ሩዲ ከጭቃው ማዶ ቆሜ በእንጨት ፓሌት ላይ የተደረደረውን ብሎኬት ሙሉውን ሦስተኛ ፎቅ እንዳደርስ አዘዘኝ። እምቢ አልኩ። ክንዱ ያን ያህል ከረዘመ ግማሹንም አይችልም። በአፍጢሙ ነው የሚደፋው።

"ውረጂ!"

"ሩዲ፣ እላይ ሰው አለ እኮ!"

ኮሌታዬን ይዞ ጎትቶ ጭቃ ላይ ጣለኝ። ራሱ ገባ። ሙሉውን ጭነት አንስቶ ክንዱን እስከ መጨረሻው አስረዘመው... የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሱ። "ኦረስት፣ ሽሽ!" ብዬ ጮኽኩ። የት ይሽሽ? ብሎኬቱ መወጣጫውን ይዞት ወረደ።

አቧራው ሲገለጥ ኦረስት ከማሽኑ ክንድ ሥር ነው። ግራ እግሩ ተጨፍልቋል። ጩኸቱ የሰው አይመስልም። ሩዲ እየዳኸ ከማሽኑ ወጣ። ዳንሎ በአካፋ ደረሰበት። አንዴ። ደገመው። ሌሎቹም በቦት ጫማቸው ይረግጡታል። ጥርስ ሲሰበር ሰማሁ።

ጥግ ላይ የቆመው የሁለተኛው ማንሻ ማሽን ቁልፍ ግን ሩዲ ቀበቶ ላይ ነው! ያለዚያ ማሽን ኦረስትን ማን ያወጣዋል? "ቁልፉን!" አልኩ። ማን ሰምቶ! መሀል ገባሁ። አካፋው ትከሻዬን አገኘው። የብረት ዘንግ አንስቼ የዳንሎን ክንድ መታሁት። ቀጭ አለ። አካፋው ወደቀ። አፈጠጠብኝ።

"ወንድምህ እየሞተ ነው፣ አንተ!"

ቁልፉን መንጭቄ ሮጥኩ። የሁለተኛውን ማሽን ሹካ ከወደቀው ክንድ ሥር አስገባሁ። ቀስ... ቀስ... ጎማው ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ፣ እኔ እየጸለይኩ። ዳንሎ በደህናው እጁ ወንድሙን ጎትቶ አወጣው። እግሩ በቆዳ ብቻ ነበር የተንጠለጠለው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10
እግሩን ቆረጡት። ነፍሱ አለች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14
ፖሊስ ጠየቀኝ። ሁሉንም ተናገርኩ። ሩዲ ያደረገውን፣ የዳንሎን አካፋ፣ የራሴን ዘንግም። ሩዲ መንጋጋው በሽቦ ታስሯል፤ ሲያገግም ይከሰሳል አሉ። ዳንሎ በዋስ ወጥቷል።

እሑድ፣ ኖቬምበር 2
ሥራ እንደገና ከጀመርን ሳምንታችን። አዲሱ ፎርማን ከማዘዙ በፊት "ይችላል?" ብሎ ይጠይቀኛል። አይችልም ካልኩት ጭነቱን ያስቀንሳል።

ዛሬ ሆስፒታል ሄድኩ። ዳንሎ በሩ ላይ ቆሟል፣ ክንዱ በጀሶ። ልመለስ ነበር...

ኦረስት ከአልጋው፣ "ይቺ ናት የሰበረችህ?"

"እሷ ናት።"

"አሳምራ ነው የመታችህ ወይስ እንደ ነገሩ?"

ዳንሎ አልሳቀም። ወንበር ሳበልኝ።

"ባትመቺኝ አላቆምም ነበር፣ ዳርላ። ወንድሜን ቀብሬ፣ ሰው ገድዬ..."

ተቀመጥኩ። ጀሶውን በሁለት እጄ ያዝኩት። አልነጠቀኝም።