ከአትክልቱ በኩል ያለው ቤት

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ ለቄስ አረጋ፤
ላሊበላ።

አባቴ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ደጋውን ወጥቶ ለመውረድ ያስችልዎታል? ብርዱ ሲገባ የሚይዝዎት ሳል ዘንድሮ ማረዎት ወይ? እናቴስ ዓይኗ ተሻላት? ገብሱ ውርጭ ሳይመታው ገባ? ከብቱስ፣ ጎረቤቱስ፣ ደብሩስ እንዴት ነው? እኔና የልጅ ልጅዎ ይማርሽ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነን። ይህንን ስጽፍ ሐሰት እንዳይሆንብኝ ቆም ብዬ አሰብኩ። ግን በሽታ የለብንም፤ ስለዚህ ጤና ነን።

የሙጃው ነጋዴ ከፋለ የላካችሁልኝን በሶ ይዞ የድሮ ቤቴ ሄዶ አጣኝ። ጎረቤቶች ናቸው አዲሱ ቤት ድረስ ያመጡት። አገር ቤት ሲመለስ ቪላ ገባች ብሎ ማውራቱ ስለማይቀር፣ ነገሩን ከእኔው ይስሙት ብዬ ነው።

ባሌ ታፈረ ሰሜን ግንባር መውደቁ ከተነገረኝ በኋላ የጦር ክፍሉ መኮንኖች እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር። ጣሪያው የሚያፈሰውን የቀበሌ ቤቴን አይተው፣ የጀግና ቤተሰብ እዚህ አይኖርም አሉ። ጥቂት ቆይተው በመኪና ወስደው የተወረሰ ቤት አሰጡኝ። ቤት ስጡኝ አላልኩም፤ አልፈልግም አላልኩም። ያን ሰሞን ነይ ሲሉኝ የምሄድ፣ ተቀመጪ ሲሉኝ የምቀመጥ ነበርኩ።

ሰፈሩ ቦሌ ይባላል። ፈረንጆችና ባለሥልጣኖች የሚኖሩበት ነው። መንገዱ ላይ ሰው አይታይም፤ ውሻ እንኳ የሚጮኸው ከግቢ ውስጥ ነው። ቤቱ ፎቅ ነው፤ የእኔ ከታች፣ ከአትክልቱ በኩል ያለው ነው። እኔ ከመግባቴ በፊት አድሰውታል፤ ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፣ ጣውላው ተፍቆ ተወልውሏል፣ ከቧንቧው ሙቅ ውሃ ይወርዳል። በራችን የሚከፈተው ጽጌረዳው ላይ ነው። በእኛ አገር ሰው ከላይ፣ ከብት ከታች ነው የሚያድረው፤ እኔ ከታች መሆኔን ሲነግሯት እናቴ ትስቅ ይሆናል።

ክፍሉ ስለበዛብኝ ፍራሹን አንዱ ውስጥ አንጥፌ ሌሎቹን ዘጋኋቸው። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ጓደኞቼ ቤቱ እንዴት ነው ሲሉኝ፣ ጥሩ ነው እላለሁ። እውነትም ጥሩ ነው። ደስታው ግን እኔ ዘንድ አልደረሰም። ኀዘኑም እንደዚያው። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳ እንባ አልወጣኝም። አክስቴ አልጣሽ ይቺ ልጅ ደርቃ ቀረች ብላ ለሰው ስትናገር ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኳትም።

ከላይ የሚኖሩት ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ይባላሉ። ቤቱ ሁሉ የእሳቸው ነበር፤ ሲወረስ ላይኛው ብቻ ለመኖሪያ ቀረላቸው። በአትክልቱ ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ነው። እኔም አንገቴን ደፍቼ እጅ ከመንሳት በቀር አላናግራቸውም ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሬን አንኳኩ።

«ልጄ፣ አትቆጪኝ። ጥግ ላይ ያለውን ክፍል አንዴ ብቻ ልየው» አሉኝ።

ከዘጋኋቸው አንዱ ነበር። ከፈትኩላቸው። ገብተው ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱት። «ሰማያዊ ነበር» አሉ። «አንዳርጌ ራሱ ነው የቀባው። አልጋውንም አልማረው፤ አብሮ ቀብቶት ነበር።» ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። አንዳርጌ ልጃቸው ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። በስድሳዎቹ ማለቂያ፣ ወጣት ይታፈስ በነበረበት ጊዜ፣ ከዚያ ክፍል ወስደውት በዚያው ቀረ። መሞቱን የነገሯቸው ሰዎች ማልቀስ ክልክል ነው አሏቸው። ድንኳን አልተከሉም፣ ጥቁር አልለበሱም፣ ቤታቸው የመጣ ለቀስተኛ የለም። ይህን እየነገሩኝ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው አለቀሱ። እኔ ቆሜ አየኋቸው። አባቴ፣ ከእርስዎ የምደብቀው የለኝም፤ በእንባቸው ቀናሁ።

ሲረጋጉ የለበስኩትን ጥቁር አይተው፣ «ያንቺስ?» አሉኝ።

«ባሌ ነው። ሰሜን።»

«አስከሬኑ መጣ?»

«አልመጣም።»

«የኔም» አሉ።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ይወርዳሉ። እሳቸው ክፍሉ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ እኔ አጠገባቸው ልብስ እጠግናለሁ፣ ይማርሽ እግራችን ሥር ትጫወታለች። ወሬው ቀበሌ ደረሰና ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ቤቱ የተሰጠሽ በባልሽ ደም ነው፤ የፀረ አብዮተኛ እናት ልታስገቢበት አይደለም አለኝ። «ባልሽን የገደሉት እንደ ልጇ ያሉት ናቸው» ብሎ ጨመረበት።

«ባሌ የት እንደወደቀ እንኳ የነገረኝ የለም» አልኩት። «ማን እንደገደለው በምን አውቃለሁ? ሴትዮዋ ጎረቤቴ ናቸው። ሲያንኳኩ እከፍታለሁ።»

ድፍረት እንዳይመስልዎት። የሚፈራው ነገር ውስጤ ስላልነበረ ነው። ሊቀመንበሩ ይታሰብበታል ብሎ አሰናበተኝ።

ታሰበበትም። ቤቱ ለአንድ ቤተሰብ በዝቷል ተባለና ኮሪደሩን በስስ የኮምፔርሳቶ ጣውላ ዘግተው አንዱን ክፍል ብቻ ተዉልኝ። በሌላው ወገን አንድ ሹፌር ከነቤተሰቡ ገባ፤ የአንዳርጌ ክፍል የዚያ ወገን ሆነ። አትክልቱም በቆርቆሮ አጥር ለሁለት ተከፈለ። ሹፌሩ ደግ ሰው ይመስላል፤ ልጆቹ ሲጫወቱ ይሰማኛል። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ በእኔ ምክንያት ነው ብለው ሲያዝኑ፣ ክፍሉ ድሮም ዝግ ነበር አልኳቸው። አሁን የሚመጡት ወደቀረችኝ ክፍል ነው። ፍራሹ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ።

አባቴ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። ታፈረ የሞተበትን ቀን ስለማላውቅ ተዝካሩን እስካሁን አላወጣሁም። ለልደት አገሩ ሁሉ እናንተ ዘንድ ሲመጣ፣ እርስዎም መቅደስ ሲገቡ፣ ስሙን ያንሱልኝ። ክርስትና ስሙ ተክለ ሚካኤል ነው። ከእሱ ጋር የአንዳርጌንም ያንሱ፤ የእሱ ፍሥሐ ጽዮን ነው። ማን ከማን ወገን ነበር ብለው አይጠይቁኝ። ወይዘሮ አመተ ሥላሴ እዚህ ለቄስ ስሙን የሚሰጡት በጆሮ፣ በሹክሹክታ ነው። «አባትሽ ጮክ ብለው ይጥሩልኝ» ብለውኛል። እናቴም የዚያን ዕለት ከሴቶቹ በኩል ቆማ ታልቅስልኝ። እኔ ገና ነኝ።

ደብዳቤውን በፖስታ ያልሰደድኩት ስለዚህ ነው፤ ከፋለ በእጅዎ ይሰጥዎታል። አንብበው ሲጨርሱ እሳት ውስጥ ይጣሉት።

እናቴን ጉልበትሽን ስሜያለሁ ብላለች ይበሉልኝ። ወንድሜን ደርበውን፣ ሚስቱን ገለቴን፣ አዲስ የተወለደውንም ስሙን ገና ያልነገራችሁኝን ልጅ ሳሙልኝ። ፍላቂት ለተዳረችው እኅቴ ሰው ካገኛችሁ ደኅና ናት በሏት። ይማርሽ አያቴን ሳሚልኝ ብላለች። ወይዘሮ አመተ ሥላሴም፣ አይተዋችሁ ባያውቁም፣ ከላይኛው ቤት ሰላም ብለዋችኋል።

ልጅዎ ብርቅዬ አረጋ
አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ ፲፪ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.