የግራዋው ጥፋት አይደለም

ውድ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ፤ ደህና ነኝ ግን አልልሽም። ከስድስት ኪሎ ዶሮ ማነቂያ ስንት መንገድ ሆኖ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ፒያሳ ስደርስ ተመለስኩ። ፊትሽን እያየሁ ስለማልችለው ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርገሽ ብቻሽን አንብቢው።

እትዬ የሺ ግራዋውን ማስቆረጥሽን ነገሩኝ። ቅጠሉን በደንብ ሳይደርቅ ሰጥቻት ነው፣ የልጄን የሚናስን ዐይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እያልሽ እህል አልቀምስ ማለትሽንም ሰማሁ። እማዬ፣ ቅጠልሽ ምንም ጥፋት የለበትም።

የዩኒቨርሲቲ ጥናቴን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ሚናስ ቦይለሩን፣ ያንን ትልቅ የውሃ ማፍያ ብረት፣ የሚያጥበው በአሲድ ነው። አሲዱ ብረቱ ላይ የተጋገረውን ቆሻሻ ያነሳል፤ ከዚያ ግን ብረቱን ራሱን ይበላል። አንቺ ያደረቅሽልኝን ግራዋ ቀቅዬ ውሃውን አሲዱ ውስጥ ስጨምረው፣ ከቅጠሉ የወጣው ነገር ብረቱ ላይ እንደ ስስ ልባስ ተለጥፎ ያድነዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ ቁራጭ ብረት እየነከርኩ፣ እያወጣሁ፣ እየመዘንኩ ያየሁት ይህንን ነው። እስከዚያ ድረስ ውሸት የለበትም። ሚናስማ ከእኔ በላይ ኮርቶ፣ እህቴ ለብረት መድኃኒት አገኘች እያለ ለሥራ ጓደኞቹ ያወራ ነበር።

ሐሙስ ዕለት አሲዱን አሙቄ ሞከርኩት። ብረቱን ሳወጣው ተበልቶ ሳስቷል። ልባሱ ሙቀት አይችልም፤ ይለቃል። ደገምኩት፤ ያው ነው። የሚቀጥለው ሰኞ የመመረቂያ ጽሑፌን መምህራን ፊት የማቀርብበት ቀን ነበር። ውጤቱን የመዘገብኩበትን ገጽ ከደብተሬ ቀደድኩት።

አርብ ጠዋት ሚናስ ደወለ። ቅዳሜ የአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት አሮጌ ቦይለር እንደሚያጥብ ነገረኝና፣ ባለቤቱ ቶሎ በል እያለኝ ስለሆነ አሲዱን ላሞቀው ነው፣ ግራዋሽ በሙቅም ይሠራል አይደል አለኝ። ሄሎ፣ መስመር ላይ አለሽ ወይ አለኝ። ይሠራል አልኩት።

ቅዳሜ አሲዱ የበላው ቧንቧ የተበሳው ሚናስ አጎንብሶ ሲያየው ነው፤ ሙቁ አሲድ ዐይኑ ውስጥ ገባ።

ሰኞ እንዳልቀር፣ ሚናስም ደስ ይለዋል ብለሽ የላክሽኝ አንቺ ነሽ። ሄድኩ። እሱ ሆስፒታል ተኝቶ እኔ ስለ ግራዋ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ።

ትናንት ልነግረው ሄድኩ። ፊቱ እንደታሸገ ነው። የዚያን ቀን ስትደውልልኝ ብዬ ስጀምር፣ በዳበሳ እጄን ፈልጎ ያዘኝ። የአሲዱን መዝጊያ ቫልቭ ሳልዘጋ የረሳሁት እኔ ነኝ፣ ለእማዬም ለሁሉም የነገርኩት ይህንን ነው፣ አንቺም ሌላ ነገር እንዳትናገሪ አለኝ። ቀጥሎ የምርቃት ጋውን የምትለብሺው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሲሠራ ቫልቭ ረስቶ አያውቅም።

ዛሬ ለአማካሪዬ ለዶክተር ወልደጊዮርጊስ ሁሉንም ተናገርኩ። እሳቸውም፣ ዲግሪው ይቀራል፣ ለፖሊስም ቃልሽን መስጠት ይኖርብሻል፣ ገብቶሻል ወይ አሉኝ። ገብቶኛል አልኳቸው። ስናገረው የሚቀልለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ይቅር በይኝ ለማለት አፍ የለኝም። እህል ቅመሺ ብቻ። ሚናስ ስለ ቫልቩ ደግሞ ቢነግርሽም አትከራከሪው፤ እሺ በይው።

እመብርሃን ከጎንሽ አትለይ፤ እሱን የምትደግፊበት ብርታት ትስጥሽ።

የሚናስ እህት