የአንቀጽ ዘጠኝ ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር

ጥቅምት 4

ዛሬም ሊፍቱ አይሠራም። አምስተኛ ፎቅ በእግር። ጸሐፊዋን «ይሄ ኮምፒውተር በዕድሜ ሳይበልጠኝ አይቀርም» ብላት «ዝም በይ፣ ጡረታውን እየጠበቀ ነው» አለችኝ።

ሚኒስቴሩ ከገባሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እስካሁን የሠራሁት፦ ፋይል መፈለግ። ፋይሉ የለም ብሎ መመለስ።

ከነገ ወዲያ አዲሱ ሚኒስትር ይገባሉ። ነጋዴ ናቸው። ትልቁ የሳሙና ፋብሪካ የእሳቸው ነው… ነበር። ድርሻቸውን ለወንድማቸው አስተላልፈው ነው አሉ የሚመጡት። የመምሪያ ኃላፊያችን ክራቫት እያሰረ ሲፈታ ዋለ። ቢሮው ሁሉ «ይሁን» እያለ ነው የሚጠራው። ከላይ ለመጣ ነገር በሙሉ መልሱ «ይሁን» ስለሆነ።

ለእማዬ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ሳሙና ሠሪ ሚኒስትር ከሆነ እኔንም ይሹሙኛ!»

ጥቅምት 6

ገቡ! ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው፣ ክፍል በክፍል እየዞሩ ሰውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ጠየቁት። «ዛሬ ምን ጨረስክ?» ምን ሠራህ አይደለም። ምን ጨረስክ። ይሁን ላብ በላብ ሆነ።

እኔ ዘንድ ደረሱ። «አንቺስ?»

«ምንም። የሚጨረስ ነገር አልሰጡኝም፣ ክቡር ሚኒስትር።»

ይህን ያህል ድፍረት ከየት መጣ? ሳቁ። ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ። ኬሚስትሪ አልኩ። ከዚያ ደግሞ፣ ማን ጠይቆኝ እንደሆነ እንጃ፣ እናቴ ጓሮ ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና ትሠራለች አልኳቸው።

«ተወዳዳሪዬ ናቸዋ! ሰላም በይልኝ።»

ከሰዓት በኋላ ሊፍቱ ሠራ። ሁለት ዓመት ሙሉ «በሂደት ላይ» የነበረው ሊፍት! ጸሐፊዋ ሦስት ጊዜ ወጥታ ወረደች፣ እንዲያው ለማየት።

ኅዳር 12

የሳሙና ጥራት መመሪያ እንዳረቅ ተሰጠኝ። ለብቻዬ! ደስታው አላስቀምጥ አለኝ።

መመሪያው ደግሞ ያስፈልጋል። አምና የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን መዳፏ እንደ ሽንኩርት ሲላጥ አይቻለሁ። ከእማዬ ጋር ከሚሠሩት አምስት ሴቶች አንዷ ናት። ሳሙናው ውስጥ የሚገባው፣ ቆዳ የሚያቃጥለው ኮስቲክ ሶዳ በዝቶ ነበር። እማዬ የምትለካው በዓይኗ ነው፤ ብዙ ጊዜ አትስትም፣ ግን አንዳንዴ… ሳሙናዋን የምታማስልበት ያ በርሜል ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገባኝ። ስለዚህ አውቀዋለሁ። ከማንም በላይ።

አንቀጽ ዘጠኝ ላይ እንዲህ አልኩ። አንደኛ ዓረፍተ ነገር፦ ማንኛውም አምራች ምርቱን ከመሸጡ በፊት በራሱ ላቦራቶሪ ያስመረምራል። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር፦ አነስተኛ አምራቾች ተሰባስበው በአንድ የጋራ ላቦራቶሪ መጠቀም ይችላሉ። ሁለተኛው የእማዬ ነው። እሷንና አምስቱን እያሰብኩ ነው የጻፍኩት።

እስካሁን አልነገርኳትም። ሲጸድቅ ላስደንቃት።

ታኅሣሥ 20

መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ቢሆንም ልጻፈው።

ረቂቁ ዛሬ ለስብሰባ ቀረበ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋም እኔው ነኝ። ሚኒስትሩ ተነሡ። «ይህ ጉዳይ የነበርኩበትን ፋብሪካ ይነካል። ልሳተፍበት አይገባም። መውጣቴ ይመዝገብልኝ።» ወጡ። ልቤ በኩራት ሞላ፤ እንዲህ ያለ ሹም አይቼ አላውቅም! «ወጥተዋል» ብዬ ጽፌ ከሥሩ አሰመርኩበት።

ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ቀርቷል። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም።

አንቀጽ ዘጠኝ ተነበበ። የሕግ ክፍሉ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «የጋራ ላቦራቶሪ የሚለው… ማን ሊቆጣጠረው ነው?» ዓይኖች ሁሉ ወደ ጠረጴዛው ራስ ሄዱ። ወደ ኮቱ። ሰው ያለበት ይመስል! ከዚያ አንዱ «ይውጣ» አለ፣ ሌላው «ልክ ነው፣ ይውጣ»። ይሁን ወደ እኔ ዞረ። «ባለሙያዋ፣ ተቃውሞ አለሽ?»

አሥራ አንድ ሰው እያየኝ ነው። የራሳቸው ላቦራቶሪ ያላቸው ፋብሪካዎች ስንት እንደሆኑ አውቃለሁ። አንድ። አንድ ብቻ! የማን እንደሆነም አውቃለሁ።

«የለኝም» አልኩ።

ራሴው ጻፍኩት። ከባለሙያዋ ተቃውሞ አልቀረበም።

ሚኒስትሩ ተመልሰው ኮታቸውን ለበሱ። «ጨረሳችሁ?» ኮሪደር ላይ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። «ጎበዝ። ነገር የማታንዛዛ ባለሙያ እወዳለሁ።»

ደስ አለኝ። አዎ፣ ያን ሰዓት ደስ አለኝ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

የካቲት 3

መመሪያው ወጣ። እማዬ ከሬዲዮ ሰማች። «ላቦራቶሪ ማለት ያ ነጭ ጋዋን የሚለበስበት ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ጋዋኑንስ ገዝተን እንለብሳለን» ብላ ሳቀች። አብሬያት ሳቅኩ።

የካቲት 24

ጓሮው ታሸገ።

ሁለት ወጣት ተቆጣጣሪዎች ናቸው የመጡት፣ በእኔ ዕድሜ። ትሕትናቸው! «ይቅርታ እናቴ፣ ትእዛዝ ነው።» በርሜሎቹ ላይ ወረቀት ለጠፉ። አምስቱ ሴቶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። የፊት ለፊቷ ጎረቤታችን «እኛ ምን አጠፋን?» ትላለች ደጋግማ። የምትጠይቀው እነሱን ነው። የምታየው ግን እኔን ነው፣ የተማርኩት እኔ ነኛ።

እማዬ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ይሄን የጻፈ ሰው» አለች «ዕድሜ ልኩን እጁን ታጥቦ አያውቅም።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ዕቃ የማነሣ መስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

መጋቢት 15

ሚኒስትሩ ፋብሪካቸውን ጠቅመዋል የሚል አቤቱታ በዝቶ ነገሩ ምክር ቤት ደረሰ። የአጣሪው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ትምጣ አለ። ሌሊቱን ሳልተኛ ነው የሄድኩት። እናገራለሁ ብዬ።

«ሚኒስትሩ ወጥተዋል አልወጡም?»

«ወጥተዋል። ግን ኮታቸው ወንበራቸው ላይ ነበር።»

ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ። «ኮት ደግሞ ድምፅ ይሰጣል እንዴ፣ እህቴ?» ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሰው ሁሉ ዓረፍተ ነገሩን የሰረዘው ኮቱን እያየ ነው ልል አፌን ስከፍት ቃለ ጉባኤውን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። «ከባለሙያዋ… ተቃውሞ… አልቀረበም። ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲህ።»

መጋቢት 19

ሚኒስትሩ ነጻ ናቸው ተባለ። ማስረጃው የእኔ የእጅ ጽሑፍ።

ግንቦት 22

ሚኒስትሩ በወሩ መግቢያ ለቀቁ። «ለቤተሰቤ ጊዜ ልስጥ» ብለው። የስንብቱ ንግግር ላይ ስለ መሥዋዕትነት አወሩ። ፎቶ ተነሣን። በሳምንቱ ወደ ፋብሪካቸው ተመለሱ፤ ወንድምየው ድርሻውን መልሶላቸዋል። አዲስ ፈረቃ ከፍተው ሠራተኛ እየቀጠሩ ነው። ጸሐፊዋ በጣቷ ቆጠረች። «ሰባት ወር! እኔ ጥርሴን ለማስነቀል ከዚያ በላይ ቀጠሮ ጠብቄያለሁ።»

የተሰረዘው ዓረፍተ ነገር እንዲመለስ ማሻሻያ ጽፌ ለይሁን ሰጠሁት። «ይሁን» አለና መሳቢያው ውስጥ አስገባው። ቆለፈው።

እማዬ ፋብሪካው በር ላይ ተሰልፋ ተመዘገበች። የጠርሙስ ክዳን ማጥበቅ። ጎረቤታችንም አብራት ተቀጠረች። «ከመቀመጥ ይሻላል» አለችኝ እማዬ። ለሃያ ዓመት ሳሙና የሠራች ሴት!

ሰኔ 9

እማዬ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ባለቤቱ ዛሬ ማሽኑ ዘንድ መጥተው ነበር። እሷም ደስ ብሏት፣ ልጄ እርስዎ ጋ ነበር የምትሠራው ብላ ስሜን ነገረቻቸው።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«‹አወቅኳት! መመሪያውን ያረቀቀችው እሷ አይደለችም እንዴ? ምነው እንደሷ ያሉ አሥር በኖሩኝ!› አሉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። ጎረቤታችን አጠገቤ ነበረች።»

ዓይኔን ጫማዋ ላይ ተከልኩ።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር፣ ለእነሱ ብዬ እንደጻፍኩት፣ እንዳወጡት… እየተጣደፍኩ። እጇን አነሣች።

«ሲያወጡት የት ነበርሽ?»

«እዚያው።»

«ጠይቀውሻል?»

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልሽ?»

ያኔ ያልኩትን ቃል ደገምኩላት። ፊቴን ትክ ብላ አየችው። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ምነው በጮኸችብኝ!

«ነገ ጠዋት ፈረቃ ላይ ከእሷ ጎን ነው የምቆመው» አለች ቀስ ብላ። «ምን ልበላት?»

«እኔ እነግራታለሁ። መጥቼ። ለእሷም ለአራቱም።»

«አትምጪ። ታዋርጂኛለሽ።»

«እመጣለሁ፣ እማዬ።»

ጫማዋን አውልቃ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ፈረቃቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል። ከእሷ ቀድሜ ወጥቼ በሩ ላይ እጠብቃቸዋለሁ።