የአማቴ መቀነት

ሰኞ

ተገኘ! የእማማ ጥሩነሽ መድኃኒት ተገኘ! ሌላው ወሬ ሁሉ ይቆይ። መንገዱ ዛሬ ተከፍቶ ስለዋለ ባሌ ደምሴ ከወልድያ በሚኒባስ ይዞት እዚህ መርሳ ከች አለ።

እማማ አማቴ ናቸው፤ ሠፈሩን ሁሉ በቁንጥጫ ያሳደጉ ሴት። ዘንድሮ ግን የሁለቱም እጃቸው አንጓ አብጦ፣ ጧት ጧት ጣታቸው አልታጠፍ እያለ፣ ብርጭቆ እንኳ በሁለት መዳፍ ነው የሚይዙት። እኛ ብርድ ነው ስንል ከረምን። ወልድያ ስንወስዳቸው ግን ሐኪሙ፣ "ሰውነት የገዛ መገጣጠሚያውን ሲወጋ የሚመጣ ቁርጥማት ነው፤ በስተርጅናም ይጀምራል" አለን። እማማ ሰምተው ሲጨርሱ፣ "እርስ በርሴ ተዋጋሁ? እንዳገሩ ሆንኩ በሉኛ!" አሉት። ሐኪሙ ሳቁን በእጁ ሸፈነ።

ጧት ቁርስ ቀምሰው አንድ ፍሬ ኪኒን። እብጠቱን ቶሎ ያስታግሳል ተብሏል። እሰይ!

ማክሰኞ

ከሩቅ ከባድ መሣሪያ ሲያጉረመርም ዋለ። ሰው ሁሉ ሽሽት ሽሽት ይላል። እኔም የምንይዘውን አሰብኩ፦ በሶ፣ ብርድ ልብስ፣ ጀሪካን፣ እማማ። (መጨረሻ ላይ ስለጻፍኳቸው ይቅር ይበሉኝ።)

እሳቸው፣ "እኔን ተዉኝ። ምርኩዝ መጨበጥ ያቃታት ሴት ወዴት ትሸሻለች?" ይላሉ። ደምሴ "እኔ አዝልሻለሁ" ቢላቸው፣ "አንተ? ትናንት ጀሪካን አንስተህ ወገቤን ያልከው?" ሳቅን። ብቻዬን ስሆን ግን ነገሩን አሰብኩት። እጃቸው ካልተሻለ እውነትም ከዚህ ቤት አይነሱም።

ሐሙስ

ምንም ለውጥ የለም። ኪኒኑን ዋጡ ወይ ስላቸው፣ "መድኃኒቴ ከኔው ጋር ነው፣ አትጨቅጭቂኝ!" ይላሉ። ዛሬ ልብስ ሳለብሳቸው መቀነታቸው ኮሽ ኮሽ አለ።

"እማማ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"መድኃኒቴ ነዋ! ድንገት ብንወጣ ቤት ጥዬው ልሂድ?"

"ታዲያ እንዴት አድርገው ይውጡታል?"

መቀነታቸውን በመዳፋቸው ሸፈን አደረጉ። ለካ ሰኞ ዕለት መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን በጥርሳቸው አጥብቀው፣ መፍታት አቅቷቸው ኖሯል! አንድም ፍሬ አልዋጡም!

"እኔ አልፈታልዎትም ነበር?"

"ምራት የአማቷን መቀነት ስትፈታ የት አየሽ አንች?"

መጀመሪያ ሳቄ አመለጠኝ፣ ቀጥሎ እንባዬ። ከስንት ልመና በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈቀዱልኝ። ውስጡ ያለውን ሌላ ነገር ለማንም እንዳላወራ ቃል ገባሁ። (ከረሜላ ነው! ስኳር ከገበያ በጠፋበት ጊዜ!)

የመጀመሪያዋ ፍሬ ዛሬ ተዋጠች። ኪኒኑ እኔ ዘንድ ቀረ፤ ከረሜላውን መልሼ ቋጠርኩላቸው።

እሑድ

ትናንት ብርጭቆ በአንድ እጃቸው አነሱ። አይቼ እንዳላየሁ ሆንኩ።

ዛሬ ጎረቤታችን ልትጠይቃቸው ስትመጣ አፌ አላርፍ አለና የከረሜላውን ነገር አወጣሁት። ወዲያው እማማ ክንዴን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘው፣ አዙረው፣ ቆነጠጡኝ! ጮህኩ።

"አመመሽ?"

"በጣም!"

"የምርሽን ነው?"

"እማማ፣ ነፍሴ ልትወጣ ነበር!"

ተቃቅፈን ስንስቅ ጎረቤቲቱ አበዱ ብላ ታየናለች። ከዚያ እማማ ቀስ ብለው፣ በገዛ ጣታቸው፣ ያቺን ቋጠሮ ፈትተው ለሁለታችንም አንዳንድ ከረሜላ ሰጡን።

መንገዱ ዛሬ ደግሞ ተዘግቷል። የነገውን እግዜር ያውቃል። ከወጣንም እማማ ምርኩዛቸውን ጨብጠው ይወጣሉ። ካልወጣን ግን የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዘመድ ጎረቤት ሁሉ ለደስታችን እኛ ቤት ይምጣ፤ እጅጌው ረዘም ያለ ልብስ ለብሶ።