አቦምሳ የሄደው ቁልፍ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፤ አዳማ

ዛሬ በማን እንደምናደድ አላውቅም። የቁጠባ ማኅበራችን ሣጥን በሦስት ጓጉንቸር ይቆለፋል፤ ቁልፎቹን ሦስት ሴቶች ይይዛሉ። ሦስተኛዋ ጫልቱ ናት። ጫልቱ ትናንት ለለቅሶ አቦምሳ ሄዳለች፤ ከነቁልፉ።

ሙሚና ደግሞ ብድሯን የምትወስደው ዛሬ ነበር። ስንት ዓመት ሽንኩርት መሬት ላይ ዘርግታ ስትሸጥ ኖራ፣ አሁን ገበያው ውስጥ ጣሪያ ያለው መደብ አግኝታለች። አከራዩ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በላይ አልጠብቅም ብሏታል።

ለጫልቱ ደወልኩ።

"አይዞሽ፣ ቁልፉ አልጠፋም! አንገቴ ላይ ነው" አለችኝ፣ እንደ ምሥራች።

"በሚኒባስ ላኪዋ!"

"ለሹፌር? ለማንም አልሰጥም ብዬ ምዬ የለም እንዴ? መሐላውን የጻፍሽው አንቺ አይደለሽ?"

እኔ ነኝ። ስጽፈው ግን ያሰብኩት ባሎቻችንን ነበር።

ሣጥኑ ዘንድ ለተሰበሰቡት ሴቶች፣ የጫልቱ ጓጉንቸር ይሰበር አልኩ። እምቢ ያለችው ራሷ ሙሚና ናት።

"ለእኔ ከሰበራችሁ፣ ነገ የአንዷ ባል መጥቶ ለእኔም ስበሩልኝ ሲል ምን ልትሉት ነው?"

"መደቡስ?"

"መደቡማ ሄደ፣ እትዬ።"

እውነትም ሄደ። ከሰዓት በኋላ በገበያው ሳልፍ ሌላ ሰው ቲማቲም ደርድሮበታል። ሙሚና ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ሽንኩርቷን ትመርጣለች። ልክ ናት። ልክነቷን ግን ዛሬ ልወድላት አልቻልኩም።