የተሰማ ደጅ

ኅዳር ፬፣ ጧት
ዛሬም የጎረቤቴ የተሰማ በር አልተከፈተም። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቆሜ አየሁ። ጢስ አለ፤ ድምፅ የለም። ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ ገበያ ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ነው። ቆላው ፈንጣጣ ገብቶበታል ይባላል። ብራናዬ፣ እኔ ይህን ሰው አላምነውም።

ኅዳር ፮
ሚስቱን ምንጭ ላይ አገኘኋት። «ልጃችንን ጉንፋን ይዞት ነው» አለች። ለጉንፋን በር ይዘጋል? ደንቡን ታውቃለች። ፈንጣጣ የገባበት ቤት ለመንደሩ ጭቃ ሹም ይነግራል፤ ደጁን በእሾህ ያጥራል። ግን ጊዜው አጨዳ ነው፤ የታጠረ ሰው ወደ እርሻው አይወጣም። ስለዚህ ይደብቃሉ።

በቤቴም ሌላ ነገር አለ። ለልደት ጠጅ ያስቀመጥኩት ማር ጎድሏል። ባለቤቴ ወለተ ማርያም «ሳል ይዞኝ ላስኩት» ትላለች። ስታስል አልሰማሁም።

ኅዳር ፰
አልቻልኩም፤ ለጭቃ ሹሙ ተናገርኩ። የቅዱስ ሚካኤል ማኅበር ተራው የኔ ነው፤ በ፲፪ አገሩ ሁሉ እኔ ቤት መጥቶ ሊበላ ነው፤ ተሰማም ጭምር። ሹሙ ገብቶ አየ። እውነትም ፈንጣጣ፤ ቀለል ያለ፣ እየደረቀ። ደጁ ታጠረ። ተሰማ አየኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም።

«ልጁን ማር ሲልስ አገኘሁት» አለኝ ሹሙ። ተሰማ ቀፎ የለውም። ማሩ ከየት መጣ?

ኅዳር ፲
ልጄ ዘነበች እጄን ስታስታጥበኝ ማንቆርቆሪያውን በግራዋ ያዘች። «ቀኝሽስ?» አልኳት። ነጠላዋን ገለጥኩ። ክንዷ ተበጥቷል፤ አብጦ መግል ቋጥሯል።

ገባኝ። ፈንጣጣው ከቀለለለት ልጅ መግል ወስደው ጤነኛውን ይከትባሉ፤ መግሉ ለተወሰደበት ልጅም በዋጋው ማር ይሰጡታል። ማሬ!

እናቷ ላይ ጮህኩ። ወለተ ማርያም ድምፅዋን ሳታነሣ መለሰች።

«ታላቋን ልጃችንን አንቱ በጸሎት ጠበቋት፤ በዚሁ በሽታ ቀበርናት። ይቺን እኔ አስከተብኩ።»



ኅዳር ፲፩፣ ከሰዓት
ዘነበችን ያተኩሳታል። እፈራለሁ። ጠላው ደርሷል፤ ነገ ማኅበርተኛው ይመጣል። የተከተበም ቁስሉ እስኪደርቅለት በሽታውን ያጋባል፤ እሱም ይታጠራል፣ ደንብ ነው። ነጠላ ግን ሁሉን ይሸፍናል። አዎ፣ እንዲህ አሰብኩ። ተሰማም እንዲሁ አስቦ ይሆናል።

እሾህ ቆርጬ ደጄን አጠርኩ። ተሰማ ከአጥሩ ማዶ ያየኛል። ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«መሪጌታ፣ የኔው ድኗል። የአንቱም ትድናለች» አለኝ።

ለሹሙ ልነግር ብድግ አልኩ። ለካ ለታጠረ ሰው መውጣት የለም። የሹሙ በቅሎ በታችኛው መንገድ እየመጣች ነው። ከአጥሩ ውስጥ ሆኜ እጠራዋለሁ፤ «የኔም ቤት ታጥሯል፤ ነገ ማኅበር የለም» እለዋለሁ።