ሁለት ባቡር በአንድ ቁጥር

ወንድወሰን፣

አንተ ትናንት እንደነገርከኝ ሪሞቱ ርካሽ ስለሆነ በራሱ ጊዜ አብዶ ሁለቱን ትንንሽ ባቡሮች አጋጨ። አከራያችን እትዬ ለተማርያም ደግሞ መምህርት ቤዛን ከትምህርት ቤት ይዘህ መጥተህ፣ «እኔ ነኝ የሠራሁት» እያልክ ስትነካካው በመስኮት አይተውሃል።

ሪሞቱን ከፍቼ አየሁት። እያንዳንዱ ባቡር የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥር ሲቀየር ሐዲዱ ላይ አንድ ባቡር ብቻ መኖር አለበት። አንተ አንዱን ሳታነሳ ቀየርክ፤ ሁለቱም ሰባት ሆኑ። አንዱን ስትጠራ ሁለቱም መጡ። ይህንን ክዳኑ ላይ በአማርኛ ጽፌ ለጥፌ ነበር። ማንበብ ለአንተ ዓይነቱ ሊቅ ውርደት መሆኑን ረሳሁ።

ከፈረስ መጋላ ገበያ በለቃቀምኩት አሮጌ ዕቃ የተሠራ ነው፤ ርካሽነቱ እውነት ነው። ግን አይዋሽም።

ባለፈው፣ ሰው ፊት «አትንካው» ማለቴ ልክ አልነበረም። ለብቻህ ልነግርህ ይገባ ነበር።

ውኃ ከመጣ በርሜሉን ሙላ።
ጠረጴዛው ላይ ያለውን ባቡር ተወው፤ ሙጫው አልደረቀም።
ቁልፉ እትዬ ጋ ነው። ሐዲዱን ልገጥም ትምህርት ቤት ሄጃለሁ።

ቅዳሜ በወላጆች በዓል ባቡሩን አንተ እንድትነዳ ተስማምተን ነበር። ጠዋት ቤዛ ደውላ፣ «ያሬድ፣ ሁለቱም አንድ ቁጥር ይዘው ይሆን እንዴ?» አለችኝ። ያየችው ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነው። እትዬ በረንዳው ላይ እየሰሙ ጮክ ብዬ መለስኩላት፦

«ቅዳሜ ሪሞቱን የምትይዢው አንቺ ነሽ።»